ሉዊ ብሬል፦ የኮርቻ ሠሪው ልጅና ስድስቱ ነጥቦች

በቁፓት ሆሊም አሳንሰር ስትወጡ ከቁጥሮቹ አጠገብ ጎላ ጎላ ያሉ ትናንሽ ነጥቦች አስተውላችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ጣቱን ያሳርፍባቸውና ምን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ወደ ሐኪሙ ይገባል። እነዚያ ነጥቦች ፊደል ናቸው። ፊደሉን ያዘጋጀው ሊቅ ወይም ባለሥልጣን ሳይሆን አንድ የ15 ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ነው።

ሉዊ ብሬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ኩቭሬ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ሲሞን ረኔ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር። እናቱ ሞኒክ ትባላለች። ሉዊ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነው።

ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሥራ ቤት ውስጥ ገብቶ እንደ አባቱ ቆዳ ሊበሳ ወስፌ አነሣ። በሀገር ቤት ሰፌድና ሙዳይ የሰፋች እናት ሁሉ ወስፌ ምን ያህል ስል እንደሆነ ታውቃለች። ወስፌው ከጠንካራው ቆዳ ላይ አዳልጦ የልጁን ዓይን ወጋው። በዚያ ዘመን ቁስል ሲያመረቅዝ የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይን ተሻገረና ሉዊ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ዓይኑ የጠፋ የድሃ ልጅ ዕጣው በፈረንሳይም እንደ ሌላው ሀገር ልመና ነበር። የሉዊ ወላጆች ግን ልጃቸውን ጓዳ አልደበቁትም። አባቱ ከእንጨት ምርኩዝ ሠርቶለት መንደሩን በእግሩ እንዲያውቅ አደረገው። ምስማር በጣውላ ላይ በፊደል ቅርጽ እየመታ በጣቱ እንዲዳስስ እንዳስተማረውም ይነገራል። ፓሊዩ የሚባል የመንደሩ ቄስ ትምህርት ጀመረለት፤ ከዚያም የመንደሩ አስተማሪ ቤሸሬ ከሚያዩት ልጆች ጋር አስቀመጠው። ሉዊ በጆሮው ብቻ ተምሮ ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ሆነ። በቃል ተምሮ በቃል መያዝ ምን እንደሆነ ጸሎቱን ከቄሶች አፍ የተማረ ሰው ይረዳዋል። ሆኖም ሌሎቹ ልጆች መጽሐፍ ሲገልጡ እሱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1819፣ በ10 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ለዓይነ ስውራን ልጆች በተቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱን የመሠረተው ቫለንቲን አዊ የተባለ ሰው ነው። አዊ በ1771 በአንድ የገበያ ትርዒት ላይ ዓይነ ስውራን የሕዝብ መሳቂያ ሆነው ሲያይ ልቡ ተነክቶ ነው ሥራውን የጀመረው። እርሱ ያወጣው የንባብ ዘዴ የተለመደውን የፈረንሳይኛ ፊደል በእርጥብ ወረቀት ላይ ተጭኖ ጎላ ብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው በጣቱ አነበበ ማለት ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ግን ፊደሉ ለዓይን የተሠራ መሆኑ ነበር። ጣት የአንዱን ፊደል ቅርጽ ዞሮ እስኪጨርስ የቃሉ መጀመሪያ ይረሳል። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ መጽሐፉ ወፍራምና ከባድ ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተማሪው እንደ ምንም ቢያነብ እንኳ በዚህ ዘዴ ራሱ መጻፍ አለመቻሉ ነው። ለሚያየው አስተማሪ ግን ዘዴው ምቹ ነበር፤ ገጹን ከላይ አይቶ ተማሪው ትክክል ማንበቡን ያረጋግጣል።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የሚባል የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን አንድ አዲስ ነገር ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ባርቢዬ ፊደልን ትቶ ድምፅን በነጥብ ይጽፍ ነበር፤ ለአንድ ድምፅ እስከ 12 ነጥብ ይጠቀማል። ሉዊ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ነጥቦቹን ሲዳስስ ሁለት ነገር ገባው። አንደኛ፣ ጣት መስመርን ከሚከተል ይልቅ ነጥብን ፈጥኖ ይለያል። ሁለተኛ፣ 12 ነጥብ ለጣት ጫፍ ይበዛል፤ ለማንበብ ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የባርቢዬ ዘዴ ሥርዓተ ነጥብም ሆነ ቁጥር አልነበረውም፤ ቃሉን በትክክለኛ ፊደሉ መጻፍም አይቻልበትም።

ሉዊ ሦስት ዓመት በነጥቦቹ ላይ ሠራ። ቀን ትምህርት ስላለበት ብዙውን የሠራው ሌሊት ሌሎቹ ሲተኙና ለዕረፍት ኩቭሬ ሲመለስ ነው። በ1824 ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው፤ ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። አንዱ ፊደል ከአንድ ጣት ጫፍ አይበልጥም፤ ጣት አንድ ጊዜ ሲያርፍበት ሙሉውን ያውቀዋል። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል። አደራደሩም ለማስታወስ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ፊደሎች በላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ይሠራሉ፣ ቀጣዮቹ አሥር ፊደሎች ደግሞ እነዚያው ሆነው ከታች አንድ ነጥብ ይጨመርባቸዋል።

መጻፊያው ከእጅ የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ወረቀቱ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ውስጥ ይገባና እንደ ወስፌ ሹል በሆነ ዘንግ ይወጋል። ነጥቡ ጎላ የሚለው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ እየጻፈ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል። የልጁን ዓይን ያጠፋው ዓይነት መሣሪያ ብዕሩ ሆነ።

መጽሐፉ በ1829 ታተመ፤ የሙዚቃ አጻጻፍም ነበረበት። ሉዊ መነሻውን ከባርቢዬ እንዳገኘ በመጽሐፉ አመስግኗል። የሚገርመው ግን ስለ ነጥብ ፊደሉ የሚያስረዳው ይህ መጽሐፍ ራሱ የታተመው በአሮጌው ጎላ ባለ የፈረንሳይኛ ፊደል ነው።

ሉዊ በ1833 በዚያው ትምህርት ቤት ሙሉ አስተማሪ ሆነ። በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይመታ ነበር። ተማሪዎቹ የነጥብ ፊደሉን ወደዱት። ትምህርታቸውን በማስታወሻ ያዙ፣ ለጓደኞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ የጻፉትንም መልሰው አነበቡት። ትምህርት ቤቱ ግን ፊደሉን የራሱ አድርጎ አልተቀበለውም። በ1840 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተቀየረና አዲሱ ኃላፊ ዱፎ ነጥቡን ከክፍል አስወጣው። ተማሪዎቹ በድብቅ መጻፍ ቀጠሉ።

ለዱፎ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ዓይነ ስውራን የራሳቸው ፊደል ካላቸው ከሚያየው ሕዝብ ይለያሉ፤ አንድ ሀገር አንድ ፊደል ይበቃዋል የሚል ነበር። ግን ይህን የሚሉት ሁሉ በዓይናቸው የሚያነቡ ናቸው። የሚያዩት አስተማሪዎች ተማሪዎቹ የሚጽፉትን ማንበብ አለመቻላቸውም ሳይከነክናቸው አልቀረም። በጣቱ የሚያነበውን ሰው ግን የጠየቀው የለም።

ሉዊ ጠብ አላነሣም፤ በዝምታ ሌላ ነገር ሠራ። በ1839 የተለመደውን ፊደል ቅርጽ በነጥቦች የሚያወጣ ዘዴ አሳተመ፤ ዓይነ ስውር ልጅ ለሚያዩ እናትና አባቱ ራሱ ደብዳቤ እንዲጽፍ ነው። ዘዴው አድካሚ ስለነበር ፉኮ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር፣ የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ፣ በ1841 ሥራውን የሚያፋጥን መሣሪያ ሠራ። የጽሕፈት መኪና ገበያ ከመውጣቱ ከ30 ዓመት በፊት ማለት ነው።

የዱፎ ረዳት የነበረው ጋዴ የተማሪዎቹን ንባብ አይቶ አለቃውን አሳመነ። በፌብሩዋሪ 1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ የነጥብ ፊደሉ ታሪክ በሕዝብ ፊት ተነበበ፤ ተማሪዎቹም እየጻፉ እያነበቡ አሳዩ። ሉዊ ያኔ 35 ዓመቱ ነው፤ ግን የሳንባ ነቀርሳ ከያዘው ቆይቷል። እየተነሣ እየወደቀ አስተማረ፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ 43 ዓመት በሞላ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ሳይከፈት እንዲቃጠል የተናዘዘበት አንድ ሣጥን ነበር። ወዳጆቹ ማቃጠሉ ከብዷቸው ሲከፍቱት በውስጡ ያገኙት ተማሪዎቹ የተበደሩትን ገንዘብ የፈረሙበት ወረቀት ነበር፤ ዕዳቸውን እንዳይጠይቃቸው ነው ይቃጠል ያለው። የፓሪስ ጋዜጦች ስለ መሞቱ አልጻፉም።

ትምህርት ቤቱ ፊደሉን በይፋ የተቀበለው በ1854፣ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ በርካታ ጎላ ያሉ ፊደሎች እርስ በርስ ይፎካከሩ ነበር። በ1868 ቶማስ አርሚቴጅ የተባለ የዓይኑ ብርሃን የደከመ ሐኪም ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ፤ አባላቱ በጣታቸው የሚያነቡ ብቻ እንዲሆኑ፣ ከየትኛውም ፊደል የገንዘብ ጥቅም የሌላቸው እንዲሆኑ ደነገገ። እነሱም መርምረው የብሬልን ነጥብ መረጡ። ሉዊ በሕይወቱ ያላገኘው ዳኛ ይህ ነበር። በ1878 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤም በዚያው ጸና።

በ1952፣ በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ ፈረንሳይ አፅሙን ከኩቭሬ አንሥታ ታላላቅ ሰዎቿ በሚያርፉበት ፓንቴዮን ውስጥ አኖረችው። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሔለን ኬለር ነበረች፤ ዓይኗም ጆሮዋም የጠፋው ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ የተማረችውም በእነዚህ ነጥቦች ነው። ፓሪስ ከመድረሷ ጥቂት ሳምንታት በፊት እስራኤልን ጎብኝታ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እዚሁ ገዴራ አጠገብ ክፋር ኡሪኤል የሚባል የዓይነ ስውራን መንደር ነበረ። ኡሪኤል ማለት አምላክ ብርሃኔ ነው ማለት ነው። ከየመንና ከሌሎች ሀገሮች የመጡ ዓይነ ስውራን ዖሊሞች ከሚያዩ ቤተሰቦቻቸው ጋር እየኖሩ መጥረጊያና ብሩሽ በመሥራት ይተዳደሩበት ነበር።

የነጥብ ፊደሉ ወደ ዕብራይስጥም ወደ አማርኛም ገብቷል። ዕብራይስጡ በመጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢነበብም በብሬል ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የአማርኛው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፊደላችን ከ230 በላይ ነው፤ ስድስቱ ነጥቦች የሚያወጡት ምልክት 63 ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ለሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ “ል” የሚለው ድምፅ፣ ቀጥሎ “ኡ” ወይም “ኢ”። በኢትዮጵያ እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሀ ሁን በዚህ መንገድ በጣታቸው ቆጥረዋል።

የሉዊ ብሬል አፅም ፓሪስ ቢሄድም የኩቭሬ ሰዎች እጆቹን አልሰጡም። እጆቹ ዛሬም በመንደሩ መቃብር ላይ በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ናቸው።