እውነተኛዋ ኮከብ ቆጣሪ፦ ሔለን ሶየር ሆግ (1905-1993)

በአገራችን ኮከብ ቆጣሪ ሲባል ትዝ የሚለን ዕጣ ፈንታህን እነግርሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርባቸው ሴት ግን ገንዘቡ ቀርቶባቸው፣ ኮከብ በእርግጥ የቆጠሩ ናቸው።

ሔለን ሶየር እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ፣ ሎዌል በምትባል ከተማ ተወለዱ። ኮሌጅ ሲገቡ ሐሳባቸው ኬሚስትሪ ነበር። በጥር 1925 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ካዩ በኋላ ግን ልባቸው ወደ ሰማይ ሸፈተ። ከዚያም በሃርቫርድ የምርምር ጣቢያ ከዕውቁ ሃርሎው ሻፕሊ ዘንድ ሠሩ። ሃርቫርድ በዚያን ጊዜ ለሴት በሳይንስ ዶክትሬት አይሰጥም ነበርና በ1931 ዲግሪውን የተቀበሉት ከራድክሊፍ ኮሌጅ ነው።

ሙያቸው የክዋክብት ዘለላ ነበር። ዘለላ ማለት ኮከቦች በመቶ ሺህ እየሆኑ እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው ክብ የሠሩበት ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ብዙዎቹም ይህን ለመጨረስ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ታዲያ ይኸ ምን ይጠቅማል? የእነዚህ ፈጣኖች የተፈጥሮ ድምቀት ተቀራራቢ ነው። በየጎጆው አንድ ዓይነት ኩራዝ ቢበራ፣ ደብዘዝ ያለው የሩቁ ቤት መሆኑን እናውቅ የለም እንዴ! የዘለላው ርቀትም የሚሰላው እንዲሁ ነው። ሻፕሊ በ1918 ፀሐያችን የፍኖተ ሐሊብ እምብርት አለመሆኗን ያሳዩት የዘለላዎችን ርቀት በመለካት ነበር።

ሔለን በ1931 ከባለቤታቸው ከፍራንክ ሆግ ጋር ወደ ካናዳ፣ ወደ ቪክቶሪያ ሄዱ። ባል ተቀጠሩ፤ ሚስት ያለ ደመወዝ ረዳት ሆኑ። ሴት በምርምር ጣቢያ ከወንዶች ጋር ስታድር ነውር ይመስል ስለነበር ባልየው አብረው ያመሹ ነበር። በ1932 ሴት ልጅ ሲወለድላቸውም ሕፃኗን እዚያው በቅርጫት እያስተኙ ሥራቸውን ቀጠሉ። (ለፈተና አንድ ሌሊት አምሽተን የምናማርር ይህን ልብ እንበል!) ያንኑ ዘለላ ሌሊት በሌሊት በመስተዋት ላይ ፎቶግራፍ ያነሳሉ፤ ቀን ደግሞ እያንዳንዷን ነጥብ ከጎረቤቷ ጋር ያስተያያሉ።

በ1935 ወደ ቶሮንቶ ተዛወሩ። በ1939 ያወጡት መዝገብ 1116 ተለዋዋጭ ኮከቦችን ይዟል። የ1955ቱ 1421፣ የ1973ቱ ደግሞ 2119 ደረሰ። ይኸ ሁሉ ሲሆን ባለቤታቸው በ1951 ሞተው ሦስት ልጆች በእጃቸው ቀርተዋል። ማስተማሩንም አልተዉም።

እኛን በይበልጥ የማረከን ግን ዕውቀቱን ለብቻቸው አለመያዛቸው ነው። ከ1951 እስከ 1981 በቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ ለተራው አንባቢ ስለ ሰማይ በየሳምንቱ ጽፈዋል፤ ብዙ አማተሮች ያሉበትን የአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከብ ታዛቢዎች ማኅበርም ከ1939 እስከ 1941 መርተዋል። ዛሬ አማተሮች በትንሽ ቴሌስኮፕና በካሜራ እነዚያኑ ኮከቦች ይከታተላሉ። መዝገቡንም ተማሪያቸው የነበሩት ክርስቲን ክሌመንት ቀጥለውበታል።

ከዘለላዎቹ ሁሉ ደማቁ ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው። አስኮ ላይ ሆነን በግንቦት ከምሽቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ፊታችንን ወደ ደቡብ ብናዞር፣ ጨረቃና ደመና ከሌለ፣ የከተማውም መብራት ካልጋረደው፣ ብዥ ያለች ኮከብ መስሎ ይታያል። ባይኖኩላር ያለው ካለ ያውሰን።