ታስሮ የተፈታው፣ ቃልንም የፈታው መምህር

የትንሣኤ በዓል የነጻነት በዓል ነው። አዳምና ልጆቹ ከሲኦል ባርነት የወጡበትን ይህን ታላቅ ዕለት ስናከብር፣ በሥጋ ከባርነት ወጥተው የተሰጣቸውን ነጻነት ለሌሎች ልጆች ብርሃን ያደረጉ ሰዎችንም ማሰብ ይገባናል። በነቀምቴ ከተማ ዕድሜያቸውን በማስተማር የፈጸሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

እኚህ ሰው በስዊድን ወንጌላውያን እጅ ያደጉ እንጂ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አልነበሩም። የሃይማኖቱ ልዩነት የታወቀ ነውና አንሸፍነውም። ሆኖም ልዩነቱ ለወገን ልጆች የተደከመውን ድካም ከመዘከር አያግደንም።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ፣ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አቅራቢያ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ካላመለከትን በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ይባል ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ መፍታትንም መተርጐምንም ያመለክታል፤ በአማርኛችንም ቋጠሮን መፍታትና ቃልን መፍታት በአንድ ግሥ እንደሚነገሩ ሁሉ ማለት ነው። ስሙ የሰውየውን የሕይወት ጕዞ አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል።

ሂካ ገና በአራት ዓመቱ አባቱን አጣ። ቈይቶም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ስምንት ሰዎች ገዝተውታል። በመጨረሻ ምጽዋ ሲደርስ፣ በ1870፣ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በመጋቢት 1872፣ በምዕራባውያን የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚነሣው የዚያ አገልጋይ ስም ነው። ሐዋርያው አገልጋዩን ከእንግዲህ እንደ ወንድም ይቀበሉት ዘንድ የለመነለትን ታሪክ አንባብያን ያስታውሱታል።

ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐነሉንድ አምስት ዓመት የመምህርነት ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ወገኖቻቸው ገብተው ማስተማር። መንገዱ ግን ተዘጋ። በሱዳን በኩል ሞክረው አሶሳ ከደረሱ በኋላ ለመመለስ ተገደዱ፤ በ1882 በትኩሳት ታመው ካርቱም ገቡ። ሌላም ሙከራ ከሸፈባቸው።

በሩ በተዘጋባቸው ዓመታት እምኩሉ ተቀምጠው ብዕራቸውን አነሡ። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ከወገን ተነጥቀው ስለ ነበር የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በበቂ አልነበራቸውም። ይህን ጐዶሎ የሞላችላቸው እንደ እርሳቸው በባርነት የነበረችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርን በ1886 የጣልያን የባሕር ኃይል ወደ የመን ከሚያሻግራት መርከብ ላይ አስጥሏት ነበር። እርሷም 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቈቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጽፋ ሰበሰበች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። የታተመውም የኛ ካህናት ሕፃናትን በሚያስቈጥሩበት በግዕዝ ፊደል ነበር።

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ነቀምቴ ገቡ። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በጥምቀት ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በመልካም ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆች እናታቸው በምታናግራቸው ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የነበሩት የኛ ካህናት አብዛኞቹ የሕዝቡን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ልጆቹ ወደየትኛው ደጅ ያዘነብሉ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ክሱም ብዙ አልቈየም። ካህናቱ አቤት ብለው ጉዳዩ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደረሰ። በግንቦት 1906 ኦኔሲሞስ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ሽረው፣ እንዳይሰብኩ ከልክለው፣ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። የኦኔሲሞስ ማንነት ከሁሉ ይልቅ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ስብከቱ ቢከለከልም ተማሪዎቻቸውን አልተዉም። የስደት ሥጋት ሳይለያቸው ዐሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤታቸው ጸንተው ተቀመጡ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴርም እስከ 1964 ኖራለች።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ምን ይቀርልናል? ተሰዓቱ ቅዱሳን መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ የመለሱት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲማር ነው። ከትንሣኤ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ሐዋርያት በየሰዉ ቋንቋ የተናገሩትም ስለዚሁ ነው። በነቀምቴ ያ ሥርዓት በኛ ዘንድ ሳይሠራ ቀርቶ ሌላው ሠራው፤ ሠሪውንም ከሰስነው። ይህን ማመን ሃይማኖትን መካድ አይደለም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን በኦሮምኛም ታስተምራለች፣ ትቀድሳለች፤ ቢዘገይም መልካም ነው።

በየቤታችሁ በዓሉን የምታከብሩ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የሚሰሙትን ወንጌልና የሚደግሙትን ጸሎት ትርጕሙን ያውቁት እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ካላወቁት ቁጭ ብላችሁ ፍቱላቸው። ልጅነቱን በባርነት የተነጠቀው ሂካ ለሰው ልጆች ይህን ያህል ከደከመ፣ ልጆቻችን በእቅፋችን ያሉልን እኛ እንዴት እንሰንፋለን? መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን፤ አሜን።