ኤቲየን ዡል ማሬ

ኤቲየን ዡል ማሬ (እ.ኤ.አ. 1830 – 1904) የእንስሳትንና የሰውን አረማመድ በመሣሪያ በመለካት የሚታወቅ ፈረንሳዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር።

ማሬ በቡርጎኝ አውራጃ ተወልዶ በፓሪስ ሕክምና ተማረ። ዓይን የፈጣን እግርን እንቅስቃሴ መከታተል ስለማይችል፣ እርምጃውን የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ከፈረሱ ሰኮና ሥር አየር የያዘ ጎማ ይታሰራል፤ ሰኮናው መሬት ሲረግጥ አየሩ በቱቦ አልፎ ጋላቢው በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ መስመር ያስምራል። በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሚጋልብ ፈረስ ለቅጽበት አራቱንም እግሮቹን ከመሬት እንደሚያነሳ ገለጸ። ይህም በ1878 ኤድዋርድ ሙይብሪጅ በካሊፎርኒያ ባነሳቸው ፎቶግራፎች ተረጋገጠ።

በ1882 በሰከንድ 12 ምስሎችን የሚያነሳ «የፎቶግራፍ ጠመንጃ» ሠራ። ከረዳቱ ከዦርዥ ዴመኒ ጋር ደግሞ እግር መሬትን የሚጫንበትን ኃይል የሚመዘግብ መድረክ አዘጋጀ።

የዚህ መድረክ ዘመናዊ ዓይነት ዛሬ በእንስሳት ሕክምና ያገለግላል። ኦስቲዮአርትራይትስ የተባለ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ውሻ የሚያመውን እግር ቀለል አድርጎ ይረግጣል። ስለዚህ ማንከሱ በዓይን ባይለይም በልኬቱ ሊታወቅ ይችላል፤ የተሰጠው መድኃኒት ሕመሙን መቀነሱም በዚሁ ይመዘናል።