ሥራ ያልፈታ እጅ፤ የአያት ሞዘስ የሕይወት ታሪክ

ሰው በጕልማሳነቱ ወራት በሥራ ብዛት ተጠምዶ ሲኖር የዕረፍትን ጊዜ ይናፍቃል፤ ዕድሜው ገፍቶ ዕረፍቱ በመጣ ጊዜ ግን እጁን አጣምሮ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገውን አያውቅም። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን ጎጆ ሲወጡ፥ ጕልበቱም ሲደክም፥ እንግዲህስ የእኔ ዘመን አልፏል ብሎ ራሱን ከሠራተኞች ቍጥር ያወጣል። ቤተ ሰቦቹም ያከብሩታል እንጂ ከእርሱ አንዳች ሥራ አይጠብቁም። ይህ አሳብ ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ የሚያስረዳ የአንዲት ገበሬ ሴት ታሪክ አለ። እኒህ ሴት የሥዕልን ትምህርት ከማንም ሳይማሩ፥ ለዕረፍት ጊዜያቸው መዋያ ሲሉ በእርጅናቸው ብሩሽ ያነሡት አሜሪካዊቱ ወይዘሮ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዘስ ናቸው፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን አያት ሞዘስ በሚለው ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ወይዘሮ አና ሜሪ የተወለዱት ሴፕቴምበር 7 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ግሪኒች በምትባል የገጠር ቀበሌ ነው። ለወላጆቻቸው ከተወለዱት ዐሥር ልጆች ሦስተኛዪቱ ነበሩ። አባታቸው በእርሻ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፥ ልጆቻቸው ሥዕል ሲሥሉ ማየት ደስ ይላቸው ስለ ነበረ፥ ትልልቅ ነጭ ወረቀት አንዱን ቅጠል በአንድ ሳንቲም እየገዙ ያመጡላቸው ነበር፤ ወረቀቱ ከከረሜላ ይልቅ ልጆችን ረዘም ላለ ጊዜ ያጫውታልና። ቀለም የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረ፥ ትንሿ አና ሜሪ የወይንና የሎሚ ጭማቂ እያወጡ ወረቀታቸውን ያቀልሙበት ነበር።

ነገር ግን ይህ የልጅነት ደስታ ብዙ አልቈየም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ ከዚያም ወዲህ ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል ምግብ በማብሰል፥ ልብስ በማጠብና ቤት በማሰናዳት አገለገሉ። ካደሩባቸው ጌቶች አንዳንዶቹ፥ በግድግዳ የተሰቀሉትን የታተሙ ሥዕሎች አተኵረው ሲመለከቱ አይተዋቸው፥ ጠመኔና የሰም ቀለም ገዝተው ሰጧቸው። ሆኖም ከንጋት እስከ ምሽት በሰው ሥራ ለሚደክም ሰው ለመሣል የሚሆን ጊዜ ከወዴት ይገኛል?

በ1887 ዓ.ም.፥ በሃያ ሰባት ዓመታቸው፥ እንደ እርሳቸው በእርሻ ላይ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩትን ቶማስ ሳልመን ሞዘስን አገቡ። ሁለቱም ወደ ደቡብ ተጕዘው በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፥ ሸናንዶዋ በሚባለው ሸለቆ፥ ስታንተን ከምትባለው ከተማ አጠገብ የሰው መሬት እየተከራዩ ማረስ ጀመሩ። ወይዘሮዋ በባላቸው ጕልበት ብቻ መኖርን አልወደዱም፤ ቅቤ እየናጡ በመሸጥ የቤታቸውን ገቢ ይደግፉ ነበር። በዚያ አገር ሳሉ ዐሥር ልጆች ወለዱ፤ ከዐሥሩ ግን ያደጉት አምስቱ ብቻ ናቸው። አምስቱን በዚያው ሸለቆ ቀብረው፥ በ1905 ዓ.ም. ከቀሩት ልጆቻቸውና ከባላቸው ጋራ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ኒውዮርክ ተመለሱ።

በዚያም ኢግል ብሪጅ በተባለ ቀበሌ የእርሻ መሬት ገዝተው ተቀመጡ፤ ቦታውንም የናባው ተራራ ብለው ሰየሙት። ናባው ነቢዩ ሙሴ ምድረ ርስትን በሩቅ አይቶ ያረፈበት ተራራ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ሞዘስ የተባለውም የቤተ ሰቡ ስም በእኛ አነጋገር ሙሴ ማለት ነው። እንደ ስሙም ሆኖ አቶ ቶማስ ሞዘስ በ1927 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ዐረፉ። ወይዘሮዋም በስድሳ ስድስት ዓመታቸው መበለት ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ የተተረከው የብዙ ገበሬ ሴቶች ታሪክ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለውም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከሥዕል ጋራ የተገናኙት በጥቂቱ ነበር። በ1918 ዓ.ም. የእንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን ግድግዳ በወረቀት ሲያለብሱ ወረቀቱ አለቀባቸውና፥ የምድጃውን አፍ የሚከድነውን ሳንቃ ባዶውን ከሚቀር ብለው የዛፍና የውሃ ሥዕል ሣሉበት። ሥራው ከቤት ማሰናዳት የተለየ ነገር መስሎ አልታያቸውም።

በ1932 ዓ.ም. ስሟ እንደ እናቷ አና የሆነ ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ስለ ታመመች፥ እርስዋን ለማስታመም ወደ ቤኒንግተን ከተማ ሄዱ። በሽተኛዪቱም በሱፍ ክር የተጠለፈ ሥዕል አሳይታ የዚያን ዐይነት እንዲሠሩላት እናቷን ለመነች። ወይዘሮዋም መርፌና ክር አንሥተው ተራራውን፥ ዛፉንና ቤቱን በጨርቅ ላይ መጥለፍ ጀመሩ። ልጃቸው ከበሽታዋ አልዳነችም፤ አያቲቱም የልጅ ልጆቻቸውን እያሳደጉ በዚያው ጥቂት ዘመን ቈዩ። ከቀን ብዛት ግን የቁርጥማት በሽታ እጃቸውን ስለ ያዘው መርፌ መጨበጥ እጅግ አስጨነቃቸው። በዚህ ጊዜ እኅታቸው ሰለስቲያ፥ መርፌው ካስቸገረሽ ብሩሽ ይቀልሻልና በቀለም ሞክሪው ብለው መከሯቸው። ምክሩን ሰምተው ሥዕልን የዘወትር ሥራ አድርገው ሲይዙት ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

አሠራራቸውም እንደ ቤት ሥራቸው በሥርዐት የተያዘ ነበር። አስቀድመው አሮጌ ክፈፍ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሳንቃውን በክፈፉ ልክ ይቈርጣሉ። ሳንቃውን የተልባ ዘይት ቀብተው፥ ነጭ ቀለም ሦስት ጊዜ እየደራረቡ ያለብሱታል። ሥዕሉንም ከላይ ወደ ታች ይሠሩታል፤ መጀመሪያ ሰማዩን፥ ቀጥሎ ተራራውን፥ ከዚያ ዛፉንና ቤቱን፥ በመጨረሻም ከብቱንና ሰዉን። ለበረዶው ሥዕል፥ ፀሓይ የመታችው እንዲመስል፥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ይነሰንሱበታል። የሚሥሉት በልጅነታቸውና በጕልምስናቸው ያዩትን ነው፤ ሳሙና ሲፈላ፥ ሻማ ሲሠራ፥ ሴቶች ተሰብስበው የአልጋ ልብስ ሲሰፉ፥ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የተቀዳው ጭማቂ በጋን ተፍልቶ ስኳር ሲሆን፥ ልጆች በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ። ትራክተርና የስልክ ምሰሶ በዘመናቸው በየሜዳው የሚታይ ሆኖ ሳለ፥ በሥዕላቸው ውስጥ አላስገቡትም።

በመጀመሪያ ሥራቸውን ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው አልነበረም። በአገሩ የገበሬዎች ትርኢት በቀረበ ጊዜ ሥዕሎቻቸውን ከፍራፍሬ ማርማላታቸው ጋራ ላኩ፤ ሽልማት ያገኘው ማርማላታው ነው እንጂ ሥዕሉ አይደለም። እርሳቸው ግን አላዘኑም፤ ሥራቸውንም አላቋረጡም። ከዚህ በኋላ ሥዕሎቹ ሁሲክ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ተቀመጡ፤ ዋጋቸውም እንደ መጠናቸው ከ3 እስከ 5 ዶላር ነበረ። በ1938 ዓ.ም. ሉዊ ካልዶር የተባለ መሐንዲስ በዚያ ሲያልፍ አይቷቸው ያሉትን ሁሉ ገዛ፤ ሌላም ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄደ። ወይዘሮዋ በዚያ ሰዓት በቤት አልነበሩም፤ የልጃቸው ሚስትም ዐሥር ሥዕል አላቸው ብላ በማግስቱ እንዲመለስ ነገረችው። ቢቈጠር ግን የተገኘው ዘጠኝ ነበር። ወይዘሮዋም ቃሉ እንዳይታጠፍ ትልቁን ሥዕል ከመካከሉ ቈርጠው፥ ሁለት ክፈፍ ፈልገው፥ ዐሥር አድርገው አስረከቡ። ከዚህ ሥራ ገራገርነታቸውንም ብልኃታቸውንም ማየት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ፈጥኖ የሆነ ነው። በ1939 ዓ.ም. ሦስት ሥዕሎቻቸው በኒውዮርክ ከተማ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ታዩ። በ1940 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር፥ ከቪየና በስደት የመጡት ኦቶ ካሊር በሥዕል መሸጫ ቤታቸው የእርሳቸውን ሥዕሎች ብቻ የያዘ ትርኢት ከፈቱ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በከተማው ትልቅ መደብር ሥዕሎቹ በቀረቡ ጊዜ ወይዘሮዋ ራሳቸው ዳቦና ማርማላታ ይዘው መጡ፤ ሕዝቡ ስለ ሥዕል ይናገራሉ ብሎ ሲጠብቅ፥ እርሳቸው ማርማላታው እንዴት እንደሚሠራ አስረድተው ተቀመጡ። በ1949 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ተጠርተው ከፕሬዚዳንት ትሩማን እጅ ሽልማት ተቀበሉ፤ ፕሬዚዳንቱም ሻይ ጋብዘው ፒያኖ መቱላቸው። ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ ወደ እርሻ ቤታቸው ተመልሰው በዚያው በአሮጌው ጠረጴዛቸው ላይ መሣላቸውን ቀጠሉ።

የሥዕል ሊቃውንት በእርሳቸው ሥራ ላይ የተለያየ አሳብ ነበራቸው። የሩቁና የቅርቡ መጠን በትክክል አልተለየም፥ ሰዎቹም አሻንጉሊት ይመስላሉ የሚሉ ነበሩ፤ ይህም ነቀፋ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ሠዓሊ የማያውቀውን እርሳቸው ያውቁ ነበር፤ ሊዘንብ ሲል የሰማዩ መልክ ምን እንደሚመስል፥ የመከር ቀን ማን በየትኛው በኩል እንደሚቆም፥ ጋኑ ሲፈላ እሳቱን ማን እንደሚቈሰቍስ ከሥራው ውስጥ ሆነው አይተዋል። በሰው ቤት ያገለገሉባቸው ዐሥራ አምስቱ ዓመታት፥ ቅቤ የናጡባቸው ንጋቶች፥ ልጆቻቸውን የቀበሩበት ሸለቆ፥ ለሥዕል የባከኑ ዘመናት ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን መዝገብ ሆነው ተቀምጠው ኖረዋል።

በ1960 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሲሞላቸው፥ የኒውዮርክ ገዢ ኔልሰን ሮክፌለር የልደታቸው ቀን የአያት ሞዘስ ቀን ተብሎ እንዲከበር ዐወጁ። ከዚያም በኋላ መሣላቸውን አልተዉም። ዲሴምበር 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመቶ አንድ ዓመታቸው በሁሲክ ፎልስ ዐረፉ። ትተውት የሄዱት ሥዕል ከ1500 በላይ ነው። በ1943 ዓ.ም. የሣሉት፥ የሜፕሉ ስኳር ሲወጣ የሚያሳየው ሥዕል፥ በ2006 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ዝናውንና ገንዘቡን ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ አደራ እንልሃለን። መሐንዲሱ በዚያች ቀን በዚያ መንገድ ባያልፍ ኖሮ፥ ሥዕሎቹ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አቧራ ለብሰው በቀሩ ነበር፤ የአያት ሞዘስን ስምም ከጎረቤቶቻቸው በቀር የሚያውቀው ባልኖረ ነበር። ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ይሆን ነበርን? አይሆንም። ልጃቸው በታመመች ጊዜ መርፌ ያነሡት እርስዋን ደስ ለማሰኘት ነው፤ መርፌው በከለከላቸው ጊዜ ብሩሽ የያዙት እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ነው። ደመወዛቸውን ከሥራው ከራሱ ተቀብለዋል፤ ዓለም የጨመረላቸው ምርቃት ነው።

ስለዚህ በቤታችን ያሉ አረጋውያን መክሊታቸውን ጨርሰው የመለሱ አይምሰሉን። ጠመኔም ቢሆን፥ ብሩሽም ቢሆን፥ ስንደዶና አክርማም ቢሆን፥ እጃቸው የሚችለውን አቅርበን፥ የሚሠሩትንም ተቀምጠን እንይላቸው። አንድ ቅጠል ወረቀት በአንድ ሳንቲም ገዝተው ለልጃቸው ያመጡ አባት፥ ከሰባ ዓመት በኋላ የሚታፈሰውን መከር እንደ ዘሩ አላወቁም ነበር። እኛም ዛሬ ለልጅ ወይም ለሽማግሌ የምንሰጠው ትንሽ ነገር ፍሬው በየትኛው ዘመን እንደሚታይ አናውቅምና፥ ከመስጠት አንቈጠብ።