የሣርን ዕድሜ የቈጠሩት ሊቅ

ላም ጕልበቷ ድረስ በበቀለ ሣር ውስጥ ቆማ ትራባለች ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ሣሩ ያረጀ እንደ ሆነ ግን ነገሩ እውነት ነው። ዛሬ ሕይወታቸውን በአጭሩ የምናወሳላችሁ ፈረንሳዊው አንድሬ ቭዋዛን፥ ይህን እውነት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከላሞቻቸው ኋላ ኋላ እየሄዱ የተማሩ ሰው ነበሩ።

ቭዋዛን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ፥ በዲዬፕ ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተምረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ከነጻ ፈረንሳይ ኀይሎች ጋር ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ በኖርማንዲ ያለው እርሻቸው ዋናው ትምህርት ቤታቸው ሆነ።

በዚያን ጊዜ ባለ ከብት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ሄክታር መሬት ስንት ላም ይችላል ብሎ ነበር። ቭዋዛን ጥያቄውን ለወጡት። ላሟ በዚህ መስክ ስንት ቀን ቈየች? ሣሩስ ከተጋጠ በኋላ ስንት ቀን ዐረፈ? ከጥርስ የተረፈው ጕቶ በመጀመሪያ የሚያቈጠቍጠው በሥሩና በግርጌው ባስቀመጠው ስንቅ ነው፤ ስለዚህ እድገቱ አዝጋሚ ነው። ቅጠሉ ሲሰፋ በፍጥነት ይመዘዛል፤ ወደ አበባና ወደ ዘር ሲያዘነብል ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስንቁን ሳይተካ ደጋግሞ የተጋጠ ሣር ይመነምናል። የዘገየውም ቢሆን ክምሩ ትልቅ፥ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቭዋዛን በአገራቸው ሣሩ በሜይና በጁን 18 ቀን ያህል፥ በኦገስትና በሴፕቴምበር ደግሞ 36 ቀን ያህል ማረፍ እንዳለበት ገመቱ። ይህንንም በ1957 ስለ ሣር ምርታማነት ባሳተሙት መጽሐፍ አስረዱ። (በ1959 ከአፈርና ከሣር ተነሥተው እስከ ካንሰር የደረሱበትን መጽሐፍ ግን እኛ ከማስረጃው የቀደመ ሆኖ እናገኘዋለን።)

በሞቃት አገር ጊዜው ይበልጥ ይጣደፋል። የዝሆን ሣርንና የጊኒ ሣርን የመሰሉት፥ የትውልድ አገራቸው አፍሪካ የሆነ ሣሮች፥ በሙቀቱ ኀይል ፈጥነው አገዳ ያወጣሉ። አገዳው ሲበዛ ቅጠሉ ያንሳል፤ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ሊግኒን የሚባለው ሣሩን እንደ እንጨት የሚያጠነክረው ነገር ይጨምራል። ፕሮቲኑ ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ሲወርድ፥ በላሟ ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ረቂቃን ሕዋሳት ምግብ ያጥራቸዋል። ያልተፈጨው መኖ በሆዷ ስለሚከርም ላሟ መብላቱን ትቀንሳለች። ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች ማለት ነው። የእኛም የደጋ ድርቆሽ ብዙውን ጊዜ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር፥ ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ስለ ሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ገበሬውን ግን አንወቅሰውም፤ በነሐሴ ያጨደው ሣር በዝናብ ይበሰብስበታል።

ቭዋዛን ከዚህ ሞቃት አገር ችግር ጋር ፊት ለፊት የተገናኙት በሕይወታቸው ፍጻሜ ነው። የኩባ መሪ ፊደል ካስትሮ መጽሐፋቸውን አንብበው ኖሮ ጋበዟቸው። በዲሴምበር 1964 መጀመሪያ ሐቫና ገቡ፤ በዩኒቨርሲቲው ለባለሙያዎች ትምህርት መስጠት ጀመሩ። የኖርማንዲውን 18 ቀን እንዳለ ወደ ኩባ ማሻገር እንደማይቻል እሳቸው ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ የዕረፍቱ ቀን እንደ አየሩና እንደ ወራቱ ይለዋወጣል ብለው ጽፈዋልና። የኩባው ቍጥር ገና መገኘት ነበረበት።

ሆኖም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በዲሴምበር 21 ቀን፥ የልብ ሕመም በድንገት ገደላቸው። ዕድሜያቸው 61 ዓመት ነበር። ካስትሮ በቀብራቸው ላይ ንግግር አደረጉ፤ አስከሬናቸውም እዚያው ሐቫና ዐረፈ። በብራዚል ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የግጦሽ ሥርዐት የያዙ ባለ ከብቶች አሉ። እነዚህም መስኩን በአጥር ከፋፍለው፥ ከብቶቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ የኖርማንዲን ቀን አይቈጥሩም፤ የፊታቸውን ሣር አይተው በሩን ይከፍታሉ።