ቻርልስ ሮበርት አሽቢ፦ የብር ዕቃና የሠሪው ክብር

የዘመናዊ እንግሊዛውያን አንጥረኞችን ጌጠኛ የብር ዕቃ የሚሰበስብ ሰው፣ ዕቃው እጁ ሲገባ አስቀድሞ ገልብጦ የተቀረጸበትን ማኅተም ይመለከታል። የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሌሎቹ ምልክቶች ብሩ የተፈተነበትን ከተማ፣ ዓመቱንና ሠሪውን ያመለክታሉ። ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ማኅተሞች አንዱ የቻርልስ ሮበርት አሽቢና የማኅበሩ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ግን ከብሩ ይልቅ ብሩን ስለሚቀጠቅጠው ሰው የሚናገር ነው።

አሽቢ በ1863 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን አቅራቢያ ከባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ የሕንፃ ንድፍ ሙያ ለመልመድ ወደ ለንደን መጣ፤ መኖሪያውንም በምሥራቅ ለንደን በድሆች ሰፈር፣ በቶይንቢ ሆል አደረገ። በዚያም ከሠራተኞች ጋር የጆን ረስኪንን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ፋብሪካ የሠራተኛውን ልቡናና የእጁን ጥበብ ሲያደኸይ አይቶ፣ በ1888 ዓ.ም. የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤትና ማኅበር አቋቋመ።

አባላቱን የመረጠው ከታወቁ አንጥረኞች ቤት አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ የብር ሠራተኞች አንዱ ቀድሞ በሰፈሩ ጋሪ ይገፋ የነበረ ወጣት ነው። አብረው እየሞከሩና እየተሳሳቱ ተማሩ። አሽቢም የጥንቱን ጣልያናዊ አንጥረኛ የቼሊኒን የሙያ መጻሕፍት ተርጉሞ በ1898 ዓ.ም. አሳተመላቸው። ከእጃቸው የወጡት ባለ ረጃጅም እጀታ ሳህኖች፣ የከበሩ ድንጋዮች የተሰኩባቸው ክዳኖች፣ በብር የታሰሩ አረንጓዴ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያዎች ነበሩ። የመዶሻው ምት በብሩ ገጽ ላይ እንዲታይ ይተዉት ነበር፤ ይህም ሰው እንደ ሠራው የሚመሰክር ምልክት ሆነ።

በ1902 ዓ.ም. ማኅበሩ ከነቤተሰቡ 150 ያህል ሰው ሆኖ ከለንደን ወደ ገጠሪቱ ከተማ ወደ ቺፒንግ ካምደን ፈለሰ። ሥራው፣ የማታ ትምህርቱ፣ ሙዚቃውና ትያትሩ በአንድነት ይካሄዱ ነበር። ነገር ግን ከለንደን ገበያ ራቁ፤ ሊበርቲ የተባለው የንግድ ድርጅትም ተመሳሳይ መልክ ያላቸውን ዕቃዎች በመኪና እያሠራ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ አባላቱን ማሰናበት ለአሽቢ የማይዋጥ ነገር ስለ ነበር ኪሳራው እየከበደ ሄደ፤ በ1908 ዓ.ም. ማኅበሩ ፈረሰ።

አሽቢ ከዚህ ውድቀት ተምሮ፣ በ1911 ዓ.ም. የዘመኑ ሥልጣኔ በመኪና ላይ የቆመ መሆኑን በይፋ ተቀበለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እስከ 1922 ዓ.ም. በቅድስት ከተማ በኢየሩሳሌም የከተማ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ፣ ጥንታዊው ቅጥርና የጥጥ ገበያው እንዲታደሱ ደከመ። በዚያም ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ሙያቸውን እንዲቀጥሉ ረዳ። በ1942 ዓ.ም. ዐረፈ።

በካምደን ከቀሩት አባላት አንዱ ጆርጅ ሃርት ነበር፤ ዘሮቹ በዚያው አሮጌ የሐር ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ብር መቀጥቀጣቸውን ቀጥለዋል። የአሽቢ ዕቃዎችም ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይታያሉ። ዋጋቸው በሚዛን ከሚመዘነው ብር እጅግ ይበልጣል፤ የሚመለከታቸውም ሰው ከማኅተሙ በፊት የመዶሻውን ምት ቢያይ፣ ጋሪ ይገፋ የነበረውን ወጣት እጅ ያገኛል።