ዶክተር ዊሊያም ክሮልና የታይታኒየም ንጽሕና

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፣ ያረጀ ማረሻ አይጣልም። ቀጥቃጩ በወናፍ እሳት አግሎ እንደገና ይመታዋል። ብረቱ በጋለ ቁጥር አየር ከላዩ ያቃጥለዋል፤ ይሁን እንጂ የተቃጠለው በመዶሻው ምት እንደ ቅርፊት ይራገፋል፤ ውስጡ ያው ብረት ሆኖ ይቀራል። የታይታኒየም ጠባይ ከዚህ ይለያል። ሲግል ከአየር የወሰደው ኦክሲጅን ወደ ውስጥ ሰርጎ ይዋሐደዋል፤ መዶሻም ሆነ ዳግም ማቅለጥ አያወጣውም። ኦክሲጅን የበዛበት ታይታኒየም ይጠነክራል፤ ዳሩ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ይህን ችግር በመታገል ስማቸው ከታወቀው ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ዊሊያም ጀስቲን ክሮል ናቸው።

ክሮል በ1889 እ.ኤ.አ. በሉክሰምበርግ፣ በኤሽ ሱር አልዜት ከተማ ተወለዱ። አካባቢው የብረት ማቅለጫ አገር ስለነበረ የምድጃን ሥራ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር። በበርሊን ከተማ በሻርሎተንቡርግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምረው በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ከሠሩ በኋላ፣ በ1923 በአገራቸው የግል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ።

በ1930ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ስማቸውን ያስጠራውን ዘዴ አገኙ። ይኸውም ታይታኒየምን ከክሎሪን ጋር አዋሕዶ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ፣ ቀጥሎም አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ፣ ከምንም ጋር በማይዋሐደው የአርጎን ጋዝ ተከልሎ፣ ከቀለጠ ማግኒዝየም ጋር ማገናኘት ነው። ማግኒዝየሙ ክሎሪኑን ነጥቆ ሲወስድ ታይታኒየሙ ሰፍነግ መስሎ ይቀራል።

በ1938 ናሙናቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ቢሻገሩም ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረ ኩባንያ አላገኙም። በ1940 መጀመሪያ፣ የጀርመን ጦር ሉክሰምበርግን ከመውረሩ ጥቂት ወራት በፊት፣ ወደዚያው አገር ተሰደዱ። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ቢሰጣቸውም መንግሥቱ በጠላት ዜጋ ንብረትነት ያዘባቸው። እርሳቸው ግን ከሥራቸው አልተለዩም፤ በኦሪገን ግዛት፣ በኦልባኒ ከተማ፣ ያንኑ ዘዴ ዚርኮኒየምን ለማውጣት አዋሉት። በ1948 ታይታኒየም ለገበያ መመረት ጀመረ። ክሮል በ1973 በብራስልስ አረፉ።

ዘዴያቸው እስከ ዛሬ የዓለም ታይታኒየም ዋነኛ ምንጭ ነው፤ የታገሉትም ችግር በአዲስ መልክ ተመልሷል። የታይታኒየም ዱቄት በስሱ እየተነጠፈና በሌዘር ጨረር እየቀለጠ ዕቃ በሚገነባበት አሠራር፣ ከተነጠፈው ዱቄት ብዙው ሳይቀልጥ ይተርፋል። ዋጋው ውድ ነውና ተነፍቶ ዳግም ይሠራበታል። በየዙሩ ግን ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሣ ጥቂት ኦክሲጅን ይጨምራል። ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም በያዘው በታወቀው ቅይጥ ውስጥ ኦክሲጅን ከ0.20 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ በሰው አካል ውስጥ ለሚተከለው ንጹሕ ደረጃ ወሰኑ 0.13 በመቶ ነው። ወሰኑ ሲታለፍ ዕቃው ሳይለጠጥ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

የማረሻው ቅርፊት ሲወድቅ ይታያል፤ የዱቄቱ ጉዳት ግን በዓይን አይለይም። ስለሆነም መድኃኒቱ ሦስት ነው፦ የኦክሲጅኑን መጠን በየጊዜው መለካት፣ አሮጌውን ከአዲስ ንጹሕ ዱቄት ጋር ማደባለቅ፣ እያንዳንዱ ዱቄት ስንት ዙር እንደ ዞረ በመዝገብ መያዝ። የክሮል የሕይወት ታሪክ ለባለሙያው የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ታይታኒየም አንድ ጊዜ ኦክሲጅን ከጠጣ በኋላ ማውጣቱ እጅግ አዳጋች ስለሆነ፣ ጥንቃቄው ሁሉ አስቀድሞ መደረግ አለበት።